ሸክላ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት፦ «አት ፊልሞር ኢስት»ን እንዴት እንደቀዳሁት

የምነዳው ከባድ መኪና ነው። ከቨርጂኒያ ወደ ጆርጂያ ስወርድ ሌሊቱን የሚያሻግረኝ አንድ አልበም አለ፤ የአሜሪካው ሮክ ቡድን የኦልማን ብራዘርስ ባንድ «አት ፊልሞር ኢስት»። በስልክ ከፍሎ መስማት እንደሚቻል አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ቤቴ ያለውን ሸክላ ድምፅ ነው። እሱን ደግሞ ጋቢና ውስጥ ማጫወት አይቻልም። ስለዚህ ቀዳሁት። ሁለት ጊዜ ነው የቀዳሁት፤ የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ። እንዴት እንደተበላሸ ልንገራችሁ፤ እግረ መንገዴን ሥራውን ከመነሻው አሳያችኋለሁ።

አልበሙ የተቀዳው እ.ኤ.አ. ማርች 12 እና 13 ቀን 1971 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ፊልሞር ኢስት በሚባል አዳራሽ፣ ሕዝብ ፊት ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቶም ዳውድ ነበር። ሁለት ጊታር፣ ሁለት ድራም፣ ቤዝና ኦርጋን። ጊታሪስቱ ዱዌን ኦልማን በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ ጆርጂያ ሜከን ከተማ ውስጥ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። በሜከን ባለፍኩ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል። ለሚቀዳ ሰው ግን ዋናው ነገር ስቱዲዮ አለመሆኑ ነው። ጭብጨባ አለ፤ ከሕዝቡ መሃል የሚጮህ አለ። ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ ሰባት ዘፈን፣ 76 ደቂቃ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ 19 ደቂቃ። አራተኛውም እንደዚያው፤ ወደ 23 ደቂቃ።

መጀመሪያ እጠቡት። ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰዓት ከሚፈጅ ጽዳት፣ ሸክላው ላይ የሚጠፋ አምስት ደቂቃ ይሻላል። እኔ የምጠቀመው ዲስቲልድ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ነው። መሃል ያለውን ወረቀት እንዳታርሱት። የምትጠርጉት ቦዩን፣ ማለትም ድምፁ የተቀረጸበትን ቀጭን መስመር ተከትላችሁ፣ ዙሪያውን ነው፤ አቋርጣችሁ አትጥረጉ። ከዚያ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁትና በጠርዙ አቁማችሁ አድርቁት። አልኮል የሚጨምሩበትም አሉ። የአባቶቻችሁ የድሮ ባለ 78 ዙር ሸክላ ካላችሁ ግን አልኮል ጨርሶ እንዳይነካው፤ የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል።

ቀጥሎ ማጫወቻው። ጠረጴዛው ዘንበል አለማለቱን በውሃ ልክ እዩ። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት በትንሽ ሚዛን ለኩ። የእኔ መርፌ የሚፈልገው 2 ግራም ነው፤ የእናንተ ስንት እንደሆነ አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሰዎች ሸክላው እንዳይጎዳ ብለው ክብደቱን ይቀንሱታል። እንዲያውም የሚጎዳው ያኔ ነው፤ የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል።

ፍጥነቱን ለማረጋገጥ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ሸክላው በደቂቃ የሚዞረው 33 ከሲሶ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሦስት ደቂቃ ልክ 100 ዙር መሙላት አለበት። መዞሪያው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉና የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። የእኔ 101 ሆኖ ነበር፤ ከጎኑ ባለችው ማስተካከያ መለስኩት።

አሁን ሽቦው። ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ መጎልበት አለበት። ሌላም ነገር አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ አለዚያ ቦዩ ሰፍቶ 23 ደቂቃ አንድ ገጽ ላይ አይገባም ነበር። ስናጫውት ይሄ መመለስ አለበት። ሁለቱንም የሚሠራው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። አንዳንድ ማጫወቻ ውስጡ አለው፤ ከኋላ «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መቀያየሪያ ካያችሁ አለ ማለት ነው። ያለ ፕሪአምፕ ከቀዳችሁ ድምፁ የቆርቆሮ ይመስላል። በሌላ በኩል ሁለት ፕሪአምፕ ከተደራረበ ይጮኻል፣ ይበላሻል። ከፕሪአምፑ ወደ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር። «እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ከማጫወቻው ወደ ፕሪአምፑ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ መታሰሩን እዩ። እሱ ታስሮም ካልቀረ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። የእኔ ችግር ቻርጀሩ ነበር።

ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይሁን፤ ነፃ ነው፣ በቂ ነው። የቅጂውን ጥራት 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ብታደርጉት አልበሙ በሙሉ ወደ 2.6 ጊጋባይት ይይዛል። 48 ኪሎኸርዝ ደግሞ የዚያን ግማሽ፤ ለጆሮ ይበቃል። ከመቅዳታችሁ በፊት ድምፁ የሚያይልበትን ቦታ አጫውቱና ከፍተኛው −6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉ። ጣሪያው ዜሮ ነው፤ እሱን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን በኋላ ከፍ ይላል።

መርፌው ሳይወርድ ቅጂውን አስጀምሩ። በተለይ አራተኛው ገጽ ላይ፣ «ዊፒንግ ፖስት» ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ከሕዝቡ መሃል የዘፈኑን ስም ይጮኻል። የቤዙ መግቢያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘግይታችሁ ከጀመራችሁ እሱን ሰውዬ ታጡታላችሁ።

አንዴ ከጀመራችሁ እስከ ገጹ መጨረሻ አታቋርጡ። ቤት ውስጥም ጸጥታ ይሁን። እሑድ ጠዋት ሁለተኛውን ገጽ ስቀዳ ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ቡና ትወቅጥ ነበር። ወለላችን የእንጨት ነው። መሃል ላይ ባንዱ በሙሉ ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ። በኋላ ስሰማው ከጊታሩ ሥር ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ስክሪኑ ላይ ምቱ አንድ በአንድ ይታያል፤ ሰፋ ሰፋ ያለ ማዕበል፣ እኩል እኩል ተራርቆ። ገጹን እንደገና ቀዳሁት። በዚህኛው ጊዜ ቡናው ቀድሞ ተጠጣ።

አሁን ወደ ስህተቴ። የመጀመሪያውን ቅጂ እንደጨረስኩ ከአቧራና ከጭረት የሚመጡትን «ቋ» የሚሉ ድምፆች በሙሉ በአውቶማቲክ ማጽጃ አስጠረግኩ፣ በላዩ ላይ የጩኸት መቀነሻውን፣ ማለትም የሸክላውን የማያቋርጥ ሹክሹክታ የሚያጠፋውን ጨመርኩ። ጸጥ አለ፤ ደስ አለኝ። ዋናውን ፋይል አጠፋሁት። በማግስቱ መኪና ውስጥ ስከፍተው ጭብጨባው ውሃ ውስጥ የሚጨበጨብ ይመስላል። የድራሙ ዱላ ቆዳውን ሲነካ የሚሰማው ስለት የለም። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ጭብጨባ ማለት በሺህ የሚቆጠር «ቋ» ነው። ማሽኑ የሰውን እጅ ከሸክላ ጭረት አይለይም። ሁለት ድራመር ባለበት ባንድ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የአዳራሹ እስትንፋስ የሚመስለው ሹክሹክታም ለማሽኑ ጩኸት ነው፤ እሱንም ጠርጎት ነበር።

ስለዚህ ዋናው ፋይል ሳይነካ ሌላ ድራይቭ ላይ ይቀመጥ። የምትሠሩት በግልባጩ ላይ ብቻ ይሁን። ጽዳቱን ደግሞ በእጃችሁ ሥሩት። በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ የሚረብሽ «ቋ» ስታገኙ እዚያው ቆማችሁ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ማዕበል አጉሉት። ለስላሳው ማዕበል መሃል እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ይታያችኋል። ያቺን ብቻ መርጣችሁ የኦዳሲቲን «ሪፔር» ተጫኑ። በአንድ ጊዜ የሚጠግነው ቢበዛ 128 ሳምፕል፣ ማለትም ቅጂው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ቁራጭ። እሾሁ ይጠፋል፣ ሙዚቃው ይቀራል። «ቋ»ው በየ1.8 ሰከንዱ የሚደጋገም ከሆነ ሸክላው ላይ ተሻጋሪ ጭረት አለ ማለት ነው፤ አንድ ዙር የሚፈጀው ልክ ያን ያህል ነው። አንዱን ካገኛችሁ ቀጣዩ የት እንዳለ ቆጥራችሁ ትደርሱበታላችሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ባለው «ስቶርሚ መንዴይ» በሚለው ዘፈን አሥራ አራት እንዲህ ያሉ እሾሆች አወጣሁ፤ አንድ ምሽት ፈጀብኝ። እምብዛም የማይሰሙትን ተውኳቸው።

የገጽ መጨረሻ ላይ ድምፁ ሻከር ቢል ጽዳት አያድነውም። ጠርዙ ላይ መርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ያህል ቦይ ያልፋል፤ መሃሉ አካባቢ ግን ወደ 21 ይወርዳል። ያው ሙዚቃ በጠበበ ቦታ ታጭቋል ማለት ነው። «ዊፒንግ ፖስት» ደግሞ የሚጦዘው እዚያ መሃል ነው። መፍትሔው ካርትሪጁ፣ ማለትም መርፌውን የያዘው ክፍል፣ በትክክል መገጠሙ ነው፤ ከኢንተርኔት ማስተካከያ ወረቀት አትሙና መርፌውን በእሱ ላይ አስተካክሉ።

ዘፈኖቹን ስትለዩ ዝምታ አትፈልጉ፤ የለም። ጭብጨባው ሲረግብ፣ ቀጣዩ ዘፈን ከመነሳቱ በፊት ምልክት አድርጉ። ሁለት ሰከንድ ባዶ አትጨምሩ። ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡት፤ ጥራቱ አይቀንስም፣ በዘፈኖቹ መሃልም አይቆራረጥም። የገጾቹን ቁጥር ከወረቀቱ ላይ አንብቡ። በዚያ ዘመን ብዙ ድርብ አልበሞች አንዱ ሸክላ ላይ ገጽ 1 እና 4፣ ሌላው ላይ 2 እና 3 ተደርገው ይታተሙ ነበር፤ ሸክላ ደራርበው በራሱ ለሚቀይር ማጫወቻ እንዲመች።

የአራተኛውን ገጽ መጨረሻ እንዳትቆርጡት። «ዊፒንግ ፖስት» ያልቃል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ድምፁም እየራቀ ይሄዳል። ጆሮ ከሰጣችሁት ግን ከጭብጨባው ሥር ባንዱ ሌላ ዘፈን ሲጀምር ይሰማል። «ማውንቴን ጃም» ነው። ቀጣዩ «ኢት ኤ ፒች» የተባለው የ1972 አልበም ላይ ነው የወጣው፤ ከ33 ደቂቃ በላይ ስለሆነ ገጽ 2 እና ገጽ 4 ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ያንን ሸክላ ባለፈው ሳምንት አገኘሁት። አጥቤ አድርቄዋለሁ። እሑድ ሁለቱን ግማሾች ቀድቼ ከዚህ ጭብጨባ ጋር እቀጥላቸዋለሁ።