የጃቫ ክላስፓዝና ራንታይም ሲዋቀሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የነበረ የጃቫ ፕሮጀክት በፍላሽ ተይዞ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከኮዱ አንድ ፊደል ሳይለወጥ አልነሣም ሊል ይችላል። የመመረቂያ ሥራቸውን ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ተማሪዎች በአብዛኛው ኮዳቸውን ሲፈትሹ አምሽተው ነው የሚመጡት፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአወቃቀሩ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት፣ ኮዱን ኮምፓይል የሚያደርገው (ወደ ክላስ ፋይል የሚለውጠው) ጃቫና ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ጃቫ (ራንታይሙ) ምንጊዜም አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ነው። ኮምፓይለሩ በእያንዳንዱ የክላስ ፋይል ላይ የቨርዥን ቁጥር ያትማል፤ የጃቫ 8 ቁጥር 52፣ የጃቫ 17 ደግሞ 61 ስለሆነ፣ በ17 የተዘጋጀውን ፋይል 8 አይቀበለውም፤ «አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር» የሚለው መልእክትም የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በመልእክቱ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ላይ 44 ቢቀንሱ የጃቫውን ቨርዥን ያገኛሉ። በቅርቡ ባየሁት አንድ ላፕቶፕ ላይ ተርሚናሉ ጃቫ 8ን ሲጠራ ሜቨን (ፕሮጀክቱን የሚገነባውና የሚፈለጉትን ጃሮች ከኢንተርኔት የሚያወርደው መሣሪያ) 17ን ይጠቀም ነበር፤ ተርሚናሉ «ፓዝ» (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ቀድሞ ያገኘውን ሲወስድ፣ ሜቨን «ጃቫ ሆም» (የጃቫውን ፎልደር አድራሻ የሚይዘው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ወደሚያመለክተው ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ቨርዥን ለየብቻ ይጠይቁ።

የክላስ ፋይሉን ቨርዥን የሚወስነውን «ታርጌት» የተባለ የኮምፓይለር አማራጭ 8 ብሎ መተውም አያድንም። በጃቫ 11 የመጣውን «ኢዝ ብላንክ» የተባለ የስትሪንግ ሜተድ ቢጠቀሙ፣ የጃቫ 11 ኮምፓይለር ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ችግሩ የሚታየው ጃቫ 8 ላይ ሲያስኬዱት ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ ያለው «ሪሊዝ» የሚባለው አማራጭ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ገና ኮምፓይል ሲደረግ ያስቆመዋል።

የጃር ፋይልን (የላይብረሪ ክላሶች የታሸጉበትን ፋይል) ከ«ዳውንሎድስ» ፎልደር በቀጥታ ማያያዝ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ኮድ መጻፊያው ኢክሊፕስ ከፕሮጀክቱ ውጭ ያለውን ጃር «ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ እገሌ» እያለ በሙሉ አድራሻው ይመዘግበዋል፤ በሌላው ኮምፒውተር ላይ እገሌ ስለሌለ በፕሮጀክቱ ላይ ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ይወጣበታል። ጃሮቹን በፕሮጀክቱ ውስጥ ባለ ፎልደር ማስቀመጥ ይቻላል፤ እኔ ግን ሜቨንን እመርጣለሁ፣ ምንም እንኳ መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔት ቢፈልግም። ኔትወርክ ወደማይታመንበት ቦታ የሚሄዱ ከሆነ ፕሮጀክቱን ከመነሣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ይገንቡት፤ የወረዱት ጃሮች በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ።

የአንድ ላይብረሪ ሁለት ቨርዥኖች ክላስፓዝ (ጃቫ ክላሶችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮችና ጃሮች ዝርዝር) ላይ ሲቀመጡ ጃቫ በተራ ቀድሞ ያገኘውን ክላስ ይወስዳል እንጂ አዲሱን አይመርጥም፤ በዓይንዎ የሚያዩትን ሜተድ «የለም» ሲልዎ አሮጌውን ጃር ይፈልጉ።

ክላስፓዙን በእጅ ሲጽፉ መለያው በዊንዶውስ ሴሚኮለን፣ በሊኑክስ ኮለን ነው። የኮከብ ምልክትም በዚያው ፎልደር ያሉትን ጃሮች ብቻ ይሰበስባል እንጂ ወደ ውስጠኛ ፎልደሮች አይገባም። ፕሮግራሙን በ«ጃር» አማራጭ ካስነሡት ደግሞ በትእዛዙ ላይ የጻፉት ክላስፓዝ ከነጭራሹ አይታይም፤ የሚፈለጉት ጃሮች በራሱ በጃሩ ማኒፌስት (በውስጡ ባለው የመግለጫ ፋይል) ውስጥ መመዝገብ አለባቸው።