ያገለገለ የሬዲዮ ሪፒተር ሲፈተሽ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ያገለገለ ሪፒተር (በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ በኃይል የሚያሰራጭ ማሽን) ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ማሽኑን እንደ አንድ ትልቅ የመገናኛ ሬዲዮ ይቆጥረዋል፤ መቀበያው ከሰማና ማስተላለፊያው ዋት ካወጣ ደህና ነው ብሎ ይደመድማል። ይሁን እንጂ ሪፒተር በእጅ ከሚያዝ ሬዲዮ የሚለየው በግዝፈቱ ሳይሆን በአንድ አንቴና፣ በአንድ ጊዜ እየሰማ የሚናገር በመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሽፋኑን ሳይከፍቱ ኤሌክትሪክ መስጠት ነው። በተራራ ላይ መጠለያ ውስጥ ለዓመታት የቆየ ማሽን በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ፣ ያበጠ ካፓሲተር ወይም አይጥ የቀረጠፈው ሽቦ ሊኖረው ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁን ብቻ ሳይሆን የመስመሩንም ፍሪኩዌንሲ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች የሚያወጡትን ቮልቴጅ የሚያረጋጉት ከ60 ኸርዝ ጋር እንዲስማማ በተሠራ ከባድ ትራንስፎርመርና ካፓሲተር ስለሆነ፣ በእኛ አገር 50 ኸርዝ ላይ ከ220 ወደ 110 ቮልት በሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢሰኩም እንኳ ውጤታቸው ይዛባል፣ ከልክ በላይም ይግላሉ። እንዲህ ያለውን ፓወር ሰፕላይ ወደ ጎን ትቶ ማሽኑን መመሪያው በሚፈቅደው የዲሲ ቮልቴጅ ማሠራት ይሻላል። በ13.8 ቮልት የሚሠራ የ50 ዋት ማስተላለፊያ 10 አምፔር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊስብ ስለሚችል ምንጩ ይህን የሚሸከም መሆን አለበት።

ሁለተኛው ስህተት መቀበያውን እዚያው ክፍል ውስጥ በእጅ ሬዲዮ መሞከር ነው። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለ የእጅ ሬዲዮ የአንቴና ገመዱ የተበጠሰ መቀበያም ይሰማዋል። ጤነኛ የኤፍ ኤም መቀበያ ከ0.25 እስከ 0.35 ማይክሮ ቮልት በሚሆን ሲግናል 12 ዴሲቤል ሲናድ (ድምፁ ከጫጫታና ከመዛባት አንጻር ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚሰማ የሚገልጽ መለኪያ) ሊሰጥ ይገባል፤ ይህም የሚለካው በሲግናል ጄኔሬተር (መጠኑ የታወቀ ደካማ ሲግናል በሚያመነጭ መሣሪያ) ወይም የተለያዩ የሬዲዮ መለኪያዎችን በአንድ ላይ በያዘ ሰርቪስ ሞኒተር ነው። መሣሪያው ከሌለ ሊከራዩት ወይም ሊዋሱት ይገባል፤ በጆሮ ግምት የሚሞላ ክፍተት አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ግን መቀበያውንና ማስተላለፊያውን ለየብቻ ፈትሾ ሥራውን መጨረስ ነው። 0.25 ማይክሮ ቮልት ወደ 119 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊ ዋት አንጻር የሚለካ የኃይል መጠን) ከዜሮ በታች ሲሆን፣ 50 ዋት ግን 47 ዲቢኤም ከዜሮ በላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ወደ 166 ዴሲቤል የሚጠጋ ልዩነት አለ። ማስተላለፊያው በተነሳ ቁጥር ከዚህ ግዙፍ ኃይል ጥቂቱ ወይም የሚያመነጨው ጫጫታ ወደ መቀበያው ከፈሰሰ፣ ማሽኑ ራሱን በራሱ ያደነቁራል፤ ሩቅ ያለው ተጠቃሚ ድምፁ እየተቆራረጠ ሲጠፋ፣ ቅርብ ያለው ምንም ችግር አይታየውም።

ይህን ለመመርመር ደካማውን ሲግናል በተገቢ ማጣመሪያ ወደ አንቴናው መስመር ማስገባት፣ ማስተላለፊያው ጠፍቶ 12 ዴሲቤል ሲናድ እስኪገኝ ሲግናል ጄኔሬተሩን ማስተካከል፣ ከዚያም ማስተላለፊያውን አስነስቶ ያው ንባብ ተመልሶ እስኪመጣ ሲግናሉን ስንት ዴሲቤል መጨመር እንዳስፈለገ መመዝገብ ነው። ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል የማይበልጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ከበዛ ደግሞ አንቴናውን በደሚ ሎድ (ኃይሉን ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት በሚቀይር የአንቴና ምትክ) ተክቶ መድገም ያስፈልጋል፤ ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው አንቴናው፣ ወደ ላይ የሚወጣው ኬብል ወይም በምሰሶው ላይ ያለ የዛገ ብሎን ነው፤ ካልጠፋ ዱፕሌክሰሩ (መቀበያውና ማስተላለፊያው አንድ አንቴና እንዲጋሩ የሚያደርገው ማጣሪያ) ወይም አጫጭር ማገናኛ ኬብሎቹ ይጠረጠራሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለሁለት ቀናት መቀበያውን ስወቅስ ከርሜ፣ በመጨረሻ ምክንያቱ በጣት የሚላላ አንድ ኮኔክተር ሆኖ ተገኝቷል። ለማገናኛ ባለ አንድ ሽፋን ርካሽ ኬብል ከመጠቀም ይልቅ እንደ አርጂ 214 ያለ ባለ ሁለት ሽፋን ኬብል መጠቀም ብዙ ልፋት ያስቀራል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ዱፕሌክሰሩ ለአዲሱ ፍሪኩዌንሲም ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። ዱፕሌክሰር የተቃኘው ለቀድሞው ባለቤት ነው። በመቀበያና በማስተላለፊያ ፍሪኩዌንሲ መካከል ለሚኖር የ5 ሜጋ ኸርዝ ልዩነት የተሠራ ትንሽ ዱፕሌክሰር የ600 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ባለበት የቪኤችኤፍ (ከ30 እስከ 300 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል) መስመር ላይ ሊያገለግል አይችልም። በዋት መለኪያ እያዩ ከፍተኛው ኃይል እስኪወጣ ብሎኖቹን ማዞርም ጉዳት ነው፤ የሚያልፈው ኃይል ሲጨምር የሚታገደው ሲግናል መታገዱን አያሳይምና። ርካሹ ናኖ ቪኤንኤ (ማጣሪያ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደሚያሳልፍና እንደሚያግድ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ) ለመነሻ ይጠቅማል፤ ሆኖም እገዳው ጥልቅ በሆነበት ቦታ እስከ ታች ለማየት አቅሙ ያጥራል። በነገራችን ላይ፣ ዱፕሌክሰር 1.5 ዴሲቤል ሲያስቀር 50 ዋት ወደ 35 ዋት ይወርዳልና ይህን አይቶ ማስተላለፊያውን ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም።

ማስተላለፊያውን ለአንድ ደቂቃ አስነስቶ ዋቱን አንብቦ ማጥፋትም አያጠግብም። ሁለት የመኪና ሬዲዮዎችን በአንድ ሳጥን አዋህደው የተሠሩ ሪፒተሮች ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ይግላሉ፣ ኃይላቸውም ይወርዳል። አቅሙ በሚበቃ ደሚ ሎድ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ ዋቱንና ፍሪኩዌንሲውን በየአምስት ደቂቃው መመዝገብ እውነቱን ያወጣዋል። በ450 ሜጋ ኸርዝ ላይ ከሚሊዮን አምስት ክፍል መንሸራተት 2,250 ኸርዝ ስህተት ማለት ነው።

የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ የብዙ ባለፈቃዶችን የሬዲዮ መስመር ስፋት ወደ 12.5 ኪሎ ኸርዝ ስላጠበበ፣ ሰፊ መስመር ብቻ የሚችሉ በርካታ ማሽኖች ከአገልግሎት ወጥተዋል። እንዲህ ያለው ማሽን በጠባቡ መስመር ከተዘጋጁ የእጅ ሬዲዮዎች ጋር ሲገናኝ የእነርሱ ድምፅ ደክሞ ይሰማል፤ ብዙዎች ይህን የድምፅ ክፍል ብልሽት አድርገው ይጠግኑታል።

ማሽኑን ሞቷል ከማለት በፊት ቶኑ (ከንግግሩ ጋር ተልኮ መቀበያውን የሚከፍተው ዝቅተኛ ድምፅ) ከእጅ ሬዲዮዎቹ ጋር አንድ መሆኑን ማየት ይገባል። የቀድሞውን ፕሮግራም ሳያነቡና ሳያስቀምጡ አዲስ መጻፍም ሌላ ጥድፊያ ነው፤ በውስጡ ያለው የማስተካከያ መረጃ ከጠፋ በቀላሉ ላይመለስ ይችላል።

በመጨረሻም በቀድሞው ባለቤት ፍሪኩዌንሲ በአንቴና ወደ አየር መልቀቅ አይገባም። ያ ፍሪኩዌንሲ በኢትዮጵያ ውስጥ የሌላ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ፈቃድ የሚሰጠውም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ ከላይ የተገለጹትን አብዛኞቹን ፍተሻዎች በደሚ ሎድ ላይ ማካሄድ ይቻላል፤ የሚቀረው የአንቴናውና የኬብሉ ጉዳይ ብቻ ነው።