ለቅሬ የሚሮጥ ሠራተኛ ለሥራ ለምን ይጎተታል? አነስተኛ ድርጅትን በጋራ ዓላማ እንዴት መምራት ይቻላል

ደሴ ውስጥ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። በርና መስኮት እንሠራለን። ከእኔ ጋር ስምንት ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በያጅ ነበረኝ፤ እጁ ወርቅ ነው፤ ግን ሦስት ሰዓት ሳያልፍ አይመጣም። አንድ ሌሊት ሰፈራችን ሰው ሞተና ቅሬው ተጠራ። እኔ ስደርስ ያ ልጅ ቀድሞኝ የድንኳን እንጨት ተሸክሟል። የሚከፍለው የለም፣ የቀሰቀሰውም የለም።

ለማያውቅ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል።

እውነቱን ልናገር፣ በቅሬው ቀናሁ። እሱ ኖሮት እኔ ያጣሁት ምንድን ነው? ሳስበው፣ ቅሬ ላይ ለምን እንደተሰባሰቡ ሁሉም ያውቃል። ማን ምን እንደሚሠራ ተለይቷል። ገንዘቡም የት እንደገባ ይነገራል። የእኔ ወርክሾፕ አንዱም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን፣ የተበላሸብኝንም ጨምሬ፣ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ዳቦ ቤትም ካፌም ላለው ይሆናል።

1. ዓላማውን በዓይን በሚታይ ነገር ተናገሩ

መጀመሪያ "ራዕይና ተልዕኮ" አስጽፌ፣ ላሚኔት አስደርጌ ሰቀልኩ። "በጥራትና በቅልጥፍና ተመራጭ መሆን" ይላል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የብየዳ ጭስ አጠቆረው። ማንም አላነበበውም፤ እኔም ብሆን።

ቀጥሎ ሠራተኞቹን ሰብስቤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ "ደንበኛ በምን በምን ነው የሚቆጣን?" መልሱ ተንጋጋ። ቀጠሮ እናሳልፋለን። በሩ ከተገጠመ በኋላ ካልተገፋ አይዘጋም። ከዚያው ላይ ዓላማችንን አወጣን፦ በቀጠሮው ቀን የሚደርስ፣ በአንድ እጅ የሚዘጋ በር። በቃ። አያምርም፤ ግን ተሳካ አልተሳካ ብሎ የሚከራከር የለም።

እናንተም ስታወጡ ሠራተኞቻችሁ ከሚናገሩት ውስጥ ፈልጉት። ካወጣችሁ በኋላ አዲሱን ረዳት ጠይቁት። ሳይንተባተብ ከተናገረው ሆኗል፤ ካልሆነ አሳጥሩት።

2. ማን ምን እንደሚወስን ለዩ

ቅሬ ውስጥ ዳኛው ይመራል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ይይዛል። እኔ ግን ዳኛም ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም ነበርኩ። አንድ የሐይቅ ደንበኛ የበሩን ልኬት በስልክ ሲነግረኝ በሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ላይ ጻፍኩት። 90 ያለኝን 96 አድርጌ። በሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሄደና ተመልሶ መጣ። ያን ቀን በማን ልቆጣ?

አሁን ልኬት የሚወስደው አንድ ሰው ነው፤ መዝገብ ላይ ጽፎ ይፈርማል። የብረት መቁረጫ ዲስክ፣ የብየዳ ኤሌክትሮድና ቀለም ሲያልቅ ዋናው በያጅ እስከ 3,000 ብር ድረስ እኔን ሳይጠይቅ ይገዛል። ከሁሉም የከበደኝ ቀጠሮን መልቀቅ ነው። ደንበኛ ፊት "ቅዳሜ ይደርሳል" ማለት ደስ ይለኛላ! አሁን ቀኑን የሚናገረው ብረት የሚቆርጠው ሠራተኛ ነው፤ ስንት ሥራ ከፊቱ እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነዋ።

3. ሒሳቡን አሳዩ

ብዙ ባለቤት እዚህ ላይ ይፈራል። እኔም ፈርቻለሁ። ደመወዝ ጨምር ይሉኛል ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ጠመኔ ይዤ ላሜራ ላይ የአንድ በር ሒሳብ ጻፍኩ። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን እንደ ምሳሌ ያዙት። በሩ በ20,000 ብር ተሸጠ። ብረት 11,500። ዲስክ፣ ኤሌክትሮድና ቀለም 1,600። ቁልፍና ማጠፊያ 1,400። ጭነት 500። የሠራተኛ 2,500። ኪራይና መብራት 1,200። ድምር 18,700። የቀረው 1,300 ብር፤ ግብሩም ገና አልተነካም።

ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ "ወላሂ ጋሼ፣ እኛ ግማሹን የሚያስቀሩ ነበር የሚመስለን" አለኝ።

ቀጥዬ አንድ በር ሲመለስ ምን እንደሚሆን ጻፍኩ። ጭነቱ ደርሶ መልስ፣ የግማሽ ቀን ሥራ፣ እንደገና ቀለም። 1,300ው እዚያው አለቀ፣ አልፎም ሄደ። ዲስክ ሳያልቅ መጣል በዚያው ሳምንት ቀነሰ። ለዓመታት ስጮህበት የነበረ ነገር ነው እኮ።

ሁሉንም ደብተር ግለጡ አላልኩም። የአንድ በር፣ የአንድ ኩንታል ዱቄት፣ የአንድ ቀን ሽያጭ ሒሳብ ይበቃል። ብቻ እውነተኛ ይሁን። ቁጥሩን ካሳመራችሁት ሱቅ ሄደው ዋጋ ጠይቀው ይደርሱበታል።

4. ሰኞ ጠዋት ቡና ላይ ተነጋገሩ

ስብሰባ ስትሉት ሰው ይደበራል። ቡና በሉት። እኛ ዘንድ አቦሉ ላይ ያለፈው ሳምንት ይነሳል፤ ምን ተመለሰ፣ ምን ዘገየ። ቶናው ላይ የሳምንቱ ሥራ ይከፋፈላል። በረካው ላይ የግል ጉዳይ ነው፤ ማን ለቅሶ አለበት፣ ማን ልጁ ታመመበት። ሠላሳ ደቂቃ አይሞላም።

አንድ ሕግ አለኝ፦ የምናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሜ ከተናገርኩ የቀረው ሰው "ልክ ነው" ከማለት ሌላ ምንም አይልም። ሰውን በስሙ ጠርቶ መውቀስም ቡናው ላይ የለም። እሱ ለብቻ፣ ከወርክሾፑ ወጣ ተብሎ ነው።

የጾምና የበዓል ፕሮግራምም እዚያው ያልቃል። ጁምዓ ላይ ክርስቲያኖቹ ሱቁን ይይዛሉ፤ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሙስሊሞቹ። ረመዳን ሲገባ ከባዱን ብረት ጠዋት እናነሳለን። ይህን እኔ አላወጣሁትም፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ተነጋግረው ጨረሱት።

5. ሕጉን ሳታሟሉ ስለ ዓላማ አታውሩ

"እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ብሎ ትርፍ ሰዓት የሚያስቀር ቀጣሪ ሞልቷል። ወጣት ሳለሁ እኔም እንዲህ ያለ ሰው ጋ ሠርቻለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ቀን ላይ ቢያንስ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አለ። ደመወዝ በቀኑ ይግባ።

6. ከውጤቱ ድርሻ ስጡ፣ ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ

እኛ በቀኑ ደርሶ ላልተመለሰ በር ሁሉ 200 ብር ሳጥን ውስጥ እንጥላለን። ለአረፋና ለፋሲካ ተከፍቶ እኩል ይከፈላል፤ ለረዳቱም ለዋናውም። ዋናው በያጅ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። "የኔ እጅና የሱ እጅ እኩል ነው?" አለ። የእጅህ ልዩነት ደመወዝህ ላይ አለ፣ ሳጥኑ ግን በሩ ስላልተመለሰ ነው አልኩት። ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም፤ መዝገቡም ሌላ ሰው ጋ ነው። ከቅሬው የቀዳሁት ነው። ቅጣት ግን የለም። ከደመወዝ መቁረጥ በሕግም ያስጠይቃል፤ ሰዉም ጥፋቱን መደበቅ ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ በር ኢሱዙ ላይ ተጭኖ ነበር። ዝናብ እየመጣ ነው፤ ሹፌሩ የሐረጎን ቁልቁለት ሳይጨልም ልውረድ ብሎ ጥሩምባውን ያስጮሃል። እኔም ቸኩያለሁ። ከገባ አራት ወር ያልሞላው ረዳት ግን መኪናው ላይ ወጥቶ በሩን በአንድ እጁ ገፋ አደረገው። ቆም አለና እንደገና ገፋው።

"ጋሼ፣ ይሄ አይሄድም። ታች ይነካል።"

አወረድነው።