እንቁላል ጭኖ የሚወጣ የውሃ ሮኬት፦ ሳይሰበር እንዲመለስ

በውሃና በተነፋ አየር ግፊት የሚወነጨፈውን ሮኬት ማስወንጨፍ ቀላል ነው። ከባዱ እንቁላሉን በደህና ማውረድ ነው፤ ስለዚህ ከሱ እንጀምር።

የሞባይል መብራት ከእንቁላሉ ሥር አብሩ። ቀጭን ስንጥቅ ካለው በብርሃኑ ይታያል፤ እሱን ለመጥበሻ ተዉት። ደህናውን በትንሽ ፌስታል ጠቅልሉና ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙት፤ ቅርፊቱ ከጎኑ ይልቅ በጫፎቹ በኩል ጫና ይችላል። ዙሪያውን፣ ሥሩንም ላዩንም በፍራሽ ስፖንጅ ሙሉት። ከዚያ ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ኳ ኳ ካለ ክፍተት አለ። ግን ጨምቃችሁ አትጠቅጥቁት፤ ስፖንጅ ምቱን የሚውጠው የሚታመቅበት ቦታ ሲኖረው ነው።

ለአካሉ ያልተጫረ ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ በቂ ነው። ብርጭቆ ወይም ብረት በፍጹም እንዳትጠቀሙ፣ ከፈነዳ ስብርባሪው ይጎዳል። አፉ ወደ ታች ይሆናል፤ ወደ አፉ ጠጋ አድርጋችሁ ሦስት የካርቶን ክንፎች እኩል አራርቃችሁ በፕላስተር ለጥፉ። ከሌላ ፕላስቲክ መሃሉን እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ አናቱ ላይ አጣብቁና እንቁላሉን እዚያ አስቀምጡ። እንቁላሉ እላይ መሆኑ ይጠቅማል፣ ከፊት የከበደ ሮኬት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለማረጋገጥ ውሃ ሳትጨምሩ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሲባጎ እሰሩና ከራሳችሁ በላይ አሽከርክሩት። አፍንጫው እየቀደመ ከዞረ ጨርሳችኋል፤ ካልሆነ ክንፉን አስፉት።

ፓራሹቱን ከትልቅ ፌስታል ቁረጡ፣ ስፋቱ ወደ 80 ሳንቲሜትር ይሁን። እንደ ደሴ ከፍታ ቦታ ላይ ከሆናችሁ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ፓራሹት ቶሎ ይወርድባችኋል። ስምንት እኩል ክር እሰሩበት፤ እንዳይወዛወዝ መሃሉን በትንሹ ብሱት። የክሮቹን ጫፍ ቀለበቱ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሳትጠቀልሉት ልል አድርጋችሁ እጠፉት፣ ከእንቁላሉ በላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ የካርቶን ቆብ እላዩ ላይ ጣል አድርጉ። ቆቡ ከጠበቀ አይወልቅም፣ ፓራሹቱም አይከፈትም። ብዙ እንቁላል የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው።

ለመተኮሻ የጠርሙሱን አፍ ግጥም አድርጎ የሚዘጋ ቡሽ ፈልጉና የኳስ መንፊያ መርፌ አሳልፉበት። ከጎሚስታ 5 ሜትር ያህል ቱቦ ለምኑና ከመንፊያው ጋር አገናኙት። ጠርሙሱን ሲሶውን ውሃ ሙሉት፣ ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ በቡሹ ድፈኑና ገልብጣችሁ መሬት በተተከሉ ሦስት እንጨቶች መሃል አቁሙት። ራቅ ብላችሁ ንፉ፤ ግፊቱ ሲበዛ ቡሹ ራሱ ይለቃል። እምቢ ካለ ሄዳችሁ እንዳትነኩት፣ እዚያው ሆናችሁ ቱቦውን ከመንፊያው ፍቱና አየሩ ይውጣ።

ለደሴ ልጆች ቦታ የምመርጠው ኮምቦልቻን ነው፣ ደሴ ዳገትና ጣሪያ ይበዛዋል። ከአየር ማረፊያው ግን በጣም ራቁ፣ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ሂዱ። ለጎረቤትና ለቀበሌም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በ2014 ጦርነቱን ያየ ሰው «ሮኬት» ሲባል ይደነግጣል።

ሲወርድ እንቁላሉን አውጡና እንደገና በመብራቱ እዩት። ሥሩ ከተሰነጠቀ ከታች ስፖንጅ ጨምሩ፤ ጎኑ ከሆነ ዙሪያውን አወፍሩት።