ማን ምን አደረገ? ያለፈን ድርጊት በእንግሊዝኛ አሟልቶ ለመጻፍ

በአማርኛ «አልማዝ ትናንት ወደ ገበያ በዝግታ ሄደች» ስንል ጊዜው፣ ቦታውና አኳኋኑ ቀድመው ይሰለፋሉ፤ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን እንደጠራ ወዲያው ግሡን ያስከትላል። ስለዚህ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከመከተል ይልቅ፣ አስቀድሞ «ማን ምን አደረገ?» የሚለውን ብቻ ጽፎ ሌላውን ከዚያ በኋላ መጨመር ይሻላል።

እንግዲህ «አልማዝ ዎክት» ብለን እንጀምር። ግሡን ኃላፊ ጊዜ ያደረገው መጨረሻው ላይ የተጨመረው «-ed» የሚለው ቅጥያ ሲሆን፣ አጻጻፉ አንድ ቢሆንም አነባበቡ ይለያያል፤ በ«ዎክት» እንደ «ት»፣ በ«ክሎዝድ» እንደ «ድ»፣ በ«ዌይቲድ» እንደ «ኢድ» ይሰማል። ቀጥሎ እንዴት እንደሄደች፣ ከዚያ ወዴት፣ በመጨረሻም መቼ የሚሉትን በተራ እንጨምር፦ «አልማዝ ዎክት ስሎውሊ ቱ ዘ ማርኬት የስተርዴይ»። የተለመደው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ይሁን እንጂ እንደ «ዌንት» ካሉ የመሄድና የመምጣት ግሦች ጋር ቦታው አኳኋኑን ሊቀድም ይችላል፤ «ሺ ዌንት ሆም ኩዊክሊ» እንደሚባለው ማለት ነው።

ተሳቢ ሲኖር የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ «በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው» ወይም «ቀስ ብሎ በሩን ዘጋው» ብንል ያስኬዳል፤ ተሳቢውን የሚያሳውቀን «ን» አለና። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ተሳቢውን ከግሡ ጋር አጣብቆ ያስቀምጠዋል። በመሆኑም «ሂ ክሎዝድ ዘ ዶር ኩዋየትሊ» ወይም «ሂ ኩዋየትሊ ክሎዝድ ዘ ዶር» ይባላል እንጂ አኳኋኑን የሚናገረው ተውሳከ ግሥ («ኩዋየትሊ») በ«ክሎዝድ»ና በ«ዘ ዶር» መካከል አይገባም። ድግግሞሽን የሚናገረው «ኦፍን» ከግሡ በፊት ይቆማል፤ «ነበር» ከሚለው ከ«ወዝ» ጋር ሲሆን ግን ከኋላው ይመጣል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተን የራሳችን «በ» ይመስለኛል። አንዲቷ ፊደል ብዙ ሥራ ትሠራለች። «በቢላ ቆረጠ» ሲባል «ዊዝ»፣ «በአውቶቡስ መጣ» ሲባል «ባይ»፣ «በጠዋት» ሲባል «ኢን» ትሆናለች። «በሦስት ሰዓት» ጠዋት ላይ ከሆነ «አት ናይን» ይሆናል፤ መስተዋድዱ ብቻ ሳይሆን ሰዓት አቆጣጠሩም ይለወጣልና። «በጥንቃቄ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መስተዋድድ ሳያስፈልገው «ኬርፉሊ» በሚል አንድ ተውሳከ ግሥ ይገለጻል። ስለዚህ መስተዋድድ ከመምረጣችን በፊት «በ» እዚያ ቦታ ላይ መሣሪያን፣ መጓጓዣን፣ ጊዜን ወይስ አኳኋንን እንደምትናገር መለየት አለብን።

በመጨረሻም ሐረጉ የቱን ቃል እንደሚገልጽ መመልከት ያሻል። «ዘ ቲቸር ቶክት አባውት ዘ ኤግዛም ኦን መንዴይ» የሚለውን አንባቢ በሁለት መንገድ ሊረዳው ይችላል፤ መምህሩ የተናገረው ሰኞ ዕለት ነው፣ ወይም ፈተናው የሚሰጠው ሰኞ ነው። የመጀመሪያውን ለማለት ከፈለግን «ኦን መንዴይ»ን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ማምጣት ይበቃል፤ ሁለተኛውን ከሆነ «መንዴይስ ኤግዛም» ብንል ሐሳቡ ይጠራል።