ፓስቲል ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናው ደሴት፣ የኮታባቶ ከተማ ሰው ቁርሱን ከመንገድ ዳር የሚገዛው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። ስሙ ፓስቲል ነው፤ የማጊንዳናው ሕዝብ ምግብ ነው። ጥቅሉ ሲፈታ ነጭ ሩዝ ይገኛል፤ በሩዙ ላይ ደግሞ በሶይ ሶስ የበሰለና እንደ ክር የተተለተለ የዶሮ ሥጋ አለ። ይህን ሥጋ ካጊኪት ይሉታል። ማጊንዳናዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ስለሆኑ ምግቡ ሐላል ነው፤ በዋና ከተማዋ ማኒላም ኪያፖ በሚባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በተሠራው ወርቃማው መስጊድ አካባቢ ይገኛል። ዓረብ አገር ከፊሊፒናውያን ጋር አንድ ማድቤት የተጋሩ እህቶቻችን ቀምሰውት ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ ሲሞከር ግን ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ይቀደዳል፣ ሩዙም ቡናማ መረቅ ጠጥቶ ይላቁጣል። ለዚህ ተጠያቂው ዶሮው አይደለም።

ቅጠሉን በጥሬው መጠቅለል

ጥሬ የሙዝ ቅጠል ሲታጠፍ በደም ሥሮቹ መስመር ይሰነጠቃል። ድፎ ዳቦ በኮባ የሚጋግር ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል፤ ለብለብ ማድረግ ነው። መሐሉ ላይ ያለውን ወፍራም ግንድ ቆርጠው ያውጡ፤ ከቅጠሉ ጀርባ ያለውን ነጭ ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ በሁለት እጅ ይዘው በምድጃው ነበልባል ላይ ቀስ እያሉ ያሳልፉት። ደብዛዛው አረንጓዴ እሳቱ በነካው ቦታ ሁሉ ጠቆር ብሎ ማብረቅረቅ ይጀምራል፤ ለውጡ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ በዓይን ይታያል። ያበረቀረቀው ክፍል በቂ ሙቀት አግኝቷልና ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ቡናማ ነጥብ ካወጣ ግን ደርቋል፤ መልሶ ይሰነጠቃል።

ውጭ አገር ከእስያ መደብር በረዶ ሆኖ የሚገዛው ቅጠል ውርጩ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ መዘርጋት የለበትም። ቅጠሉ ስስ ከሆነ ሁለቱን አነባብሮ የአንዱን መስመር ከሌላው ጋር ማጣረስ ይበጃል። አገር ቤት ያለ ሰው ደግሞ በኮባ ቢጠቀልለው ቅር አይለኝም፤ እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ፎይል ግን ሙቀት ከመያዝ በቀር ለሩዙ ምንም ሽታ አይሰጠውም፤ በፎይል ከሆነ በሳህን መብላት ይሻላል።

ፈረሰኛውን ብቻ መምረጥ

ፈረሰኛ በቀላሉ ይተለተላል፤ ሁለት ጊዜ እሳት ሲነካው ግን ገለባ ይሆናል። ከታፋ ጋር መቀላቀል ይሻላል። ሥጋው ሲቀቀል ውሃው እምብዛም መብዛት የለበትም፤ ሥጋው የሚተለተለውም ለብ እንዳለ ነው፤ ከቀዘቀዘ ክሩ አይለያይም። የተቀቀለበትን ውሃ አይድፉት።

ካጊኪቱን ከነመረቁ ማውጣት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የወጥ ልማድ ያለን ሰዎች መረቁ ትንሽ ሲወፍር ድስቱን እናወጣለን። ካጊኪት ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ አንድ ማንኪያ መረቅ እንኳ ከቀረበት ሩዙ ውስጥ ይሰርግና ጥቅሉን ያበላሻል።

ለአንድ ኪሎ ዶሮ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆን የተተለተለው ሥጋ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ቁንዶ በርበሬና አንድ ጭልፋ የመቀቀያው ውሃ ይገባል። አቼቶ የሚወድ ሁለት ማንኪያ ይጨምርና ፈልቶ የሚሰነፍጠው ሽታ እስኪወጣ ድረስ አያማስለውም፤ ይህ ፊሊፒናውያን አዶቦ የሚባለውን በአቼቶ የሚበስል የሥጋ ወጣቸውን ሲሠሩም አጥብቀው የሚይዙት ደንብ ነው።

ቀጥሎ ትዕግሥት ይጠይቃል። እሳቱን መካከለኛ አድርገው እያገላበጡ ድምፁን ያዳምጡ። መጀመሪያ ይንተከተካል፤ ውሃው ሲያልቅ መንተክተኩ ቀርቶ መንጨርጨር ይጀምራል፣ ዘይቱም ከመጥበሻው ዳር ዳር ብቅ ይላል። በማማሰያው ሥጋውን ወደ አንድ ጎን ሲገፉት የመጥበሻው መሬት በዘይት ብቻ ካበረቀረቀ ደርሷል፤ ቡናማ ውሃ ተመልሶ ከመጣ ገና ነው።

ጨው የሚቀመሰውም ያኔ ነው። ሶይ ሶስ ራሱ ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን ደግሞ ይበረታል። መጀመሪያ ላይ «አነሰ» ብሎ የጨመረ ሰው መጨረሻ ላይ የሚበላ ነገር አያገኝም። ለሐላል የሚጠነቀቅ ሰው የሶይ ሶሱን ጠርሙስ ያንብብ፤ በተፈጥሮ መንገድ የሚብላላው ዓይነት ጥቂት አልኮል ይኖረዋል።

የተበታተነ ሩዝ መጠቀም

በዓረብ አገር የለመድነው ባስማቲ ፍሬ በፍሬ ስለሚለያይ ጥቅሉ ሲፈታ ይፈሳል። ጃስሚንን የመሰለ፣ ሲበስል ትንሽ የሚያያዝ ሩዝ ያስፈልጋል። ሲጠቀለልም ትኩስ መሆን አለበት፤ የቅጠሉን ሽታ የሚያወጣው የሩዙ እንፋሎት ነውና።

ሥጋውን ከሩዙ ጋር ማደባለቅ፣ ጥቅሉን እንደገና መቀቀል

ፓስቲል የተጠበሰ ሩዝ አይደለም። ሩዙ ረዘም ተደርጎ ይጋደማል፣ ሁለት ማንኪያ ያህል ካጊኪት በላዩ ይሰለፋል፣ ቅጠሉም ይታጠፋል። ሥጋ ማብዛት ለጋስነት ይመስላል፤ ግን ጨዋማ ስለሆነ ሩዙን ይጫነዋል። ሌላው የሚያስገርመኝ ከተጠቀለለ በኋላ በእንፋሎት የሚያበስሉት ሰዎች ናቸው። እዚህ ቅጠሉ ዕቃ እንጂ ድስት አይደለም፤ ሁሉም ነገር በስሎ ነው የሚገባው። እንፋሎት ስንት ደቂቃ ታግለው ያደረቁትን ሥጋ መልሶ ያረጥበዋል። በጎን የተቀቀለ እንቁላል፣ ኪያር ወይም በአቼቶ የተነከረ ቃሪያ ይበቃዋል።

ጠቅልሎ ማሳደር

የበሰለ ሩዝ ሞቅ ባለ ቦታ ተሸፍኖ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ባክቴሪያው የሚተወው መርዝ መልሶ በማሞቅም ላይጠፋ ይችላል። ጥቅሉ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ለሳምንቱ ማዘጋጀት የፈለገ ሰው ካጊኪቱን ብቻ አብዝቶ ይሥራ፤ አቀዝቅዞ በየምግቡ ልክ ከፋፍሎ በረዶ ቤት ያስገባው። ሲፈልግ በመጥበሻ ያሙቀው፤ ሩዙን ግን በዕለቱ ይቀቅል።