የባሕር ስፖንጅ ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቀይ ባሕር የመጣን ስፖንጅ (ባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆኖ መለየት ይቻላል። ዝርያው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በሥጋው ውስጥ ባሉት ጥቃቅን እሾሆች (ስፒኩሎች) ነው፤ እነሱን የሚያጠፋው ደግሞ አያያዝ ነው።

በቀለምና በቅርጽ መሰየም። አንዱ ዝርያ ማዕበል በሚመታው ድንጋይ ላይ እንደ ቂጣ ይነጠፋል፣ ጸጥ ባለ ውኃ ግን ጣት ጣት ያወጣል። ቀለሙም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ ናሙናውን የሚሰበስበው ሰው ከውኃ ሳያወጣው ፎቶ ያንሳው።

ፎርማሊን ውስጥ ማቆየት። ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል) ሲቆይ አሲድነት ያመጣል፤ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩትን እሾሆች ይበላል። ከ70 እስከ 96 በመቶ ኤታኖል ይጠቀሙ፤ ስፖንጁ የያዘው ውኃ ስለሚያቀጥነው በማግስቱ ይቀይሩት። ዳግም አረቄ እንኳ እዚህ ደካማ ነው።

በጣና ውኃ ማጠብ። እኛ ዘንድ ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ይህ ነው። የምስር ፍሬ የሚያህል ቁራጭ ከላይኛው ቆዳ፣ ሌላ ከውስጡ ቆርጠው በየቱቦው ለየብቻ ያስቀምጡ፤ የሁለቱ እሾህ ሊለያይ ይችላል። በረኪና ጨምረው ሥጋው እስኪሟሟ ይጠብቁ። ከዚያ በተጣራ (ዲስትልድ) ውኃ ሦስት አራት ጊዜ፣ በመጨረሻም በኤታኖል ይጠቡ። የሐይቅ ውኃ ግን ድያቶም የሚባሉ አልጌዎች አሉበት፤ ቅርፊታቸው እንደ ብዙው ስፖንጅ እሾህ ከሲሊካ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ያሳስታሉ። በየእጥበቱ መካከል እሾሁ በደንብ ሳይዘቅጥ ውኃውን ከደፉት ደግሞ ትንንሾቹ እሾሆች አብረው ይሄዳሉ፤ ዝርያውን የሚለዩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

በረኪናን ከአሲድ ማገናኘት። መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እሾሁ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ መሆኑን በአቼቶ ለመፈተን (አረፋ ያወጣል) በረኪናው ሙሉ በሙሉ መታጠብ አለበት።

ባዶ ስላይድ (እሾህ ያልታየበት የማይክሮስኮፕ መስታወት) አይቶ ናሙናውን መጣል። ስፖንጂያ ኦፊሲናሊስ የሚባለው የገላ መታጠቢያ ስፖንጅ እሾህ የለውም፤ አካሉን የያዘው ስፖንጂን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ክር ነው። በረኪና ሳይነካው በምላጭ ስስ አድርገው ቆርጠው ክሩን ይዩ። ለገላ መታጠቢያ የሚውለው ሉፋ ግን ከነጭራሹ ተክል ነው፣ የዱባ ዘመድ።

አንድ እሾህ ለክቶ መጻፍ። ከየዓይነቱ ቢያንስ 25 ያልተሰበሩ ይለኩ፤ ትንሹን፣ አማካዩንና ትልቁን በማይክሮሜትር ይመዝግቡ። ብቻዋን የተገኘች እንግዳ እሾህ አሸዋው ከጎረቤት ስፖንጅ ያመጣት ልትሆን ትችላለች፤ አይቁጠሯት።